ዝገት የኑክሌር ቆሻሻን ይይዛል፦ እውነት ወይስ ተረት?

በእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ፣ በአየርላንድ ባሕር ዳርቻ፣ ሴላፊልድ በሚባለው የኑክሌር ግቢ ውስጥ በ1994 ሥራ የጀመረ የፈሳሽ ቆሻሻ ማጣሪያ አለ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተሠራው ከኑክሌር ነዳጅ መልሶ ማቀነባበሪያ ይወጣ የነበረው ፈሳሽ ባሕር ከመግባቱ በፊት ፕሉቶኒየምና አሜሪሲየም ለማስቀረት ነው። ይህን የሚያደርገውም በብረት ነው። ፈሳሹ አሲዳማ ሲሆን ብረት ሟሙቶበታል። ኮስቲክ ሶዳ ተጨምሮ አሲድነቱ ሲሰበር ብረቱ ሟሙቶ መቆየት አይችልም፤ ቡናማ ዝቃጭ ይሆናል። ፕሉቶኒየሙና አሜሪሲየሙም ዝቃጩ ላይ ተጣብቀው ከውሃው ይወጣሉ። ዝቃጩ በረቂቅ ማጣሪያ ተለይቶ፣ ከሲሚንቶ ጋር ተቦክቶ፣ በበርሜል ይታሸጋል።

ያለ ራዲዮአክቲቭ ነገር ይህንኑ በላቦራቶሪ ብርጭቆ ማየት ይቻላል። ቢጫ የብረት ክሎራይድ ውሃ ላይ ኮስቲክ ሶዳ ጠብ ጠብ ሲደረግ፣ መጀመሪያ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ብቻ ይደፈርስና መልሶ ይጠራል። ጠብታው ሲበዛ ድፍርሱ መጥራቱን ያቆማል፤ ብርጭቆው በሙሉ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ብርጭቆውን ሳይነኩ ሲተዉት ቡናማው ነገር ቀስ እያለ ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ይቀራል። ያ ዝቃጭ ፌሪሃይድራይት የሚባለው ለጋ ዝገት ነው። ምንጭ ዳር፣ የውሃ ቱቦ ውስጥ፣ ረግረግ አጠገብ በተፈጥሮም ይገኛል።

ስለዚህ ዝገት ራዲዮአክቲቭ ብረታ ብረትን ይይዛል የሚለው አባባል መሠረት አለው። የሚያሳስበኝ አባባሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር የሚጨመርበትና የሚቀነስበት ነው። «ቀይ አፈር ባለበት ቆሻሻው የትም አይሄድም» የሚል መደምደሚያ ላይ ሲደረስ ጉዳዩ የሰው መጠጥ ውሃ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ አባባሎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ብረት ስለሆነ እንደ ማግኔት ይስባቸዋል»

ተረት ነው። ዩራኒየምም ፕሉቶኒየምም እንደ ሚስማር በማግኔት የሚለቀሙ አይደሉም። በዝገቱ ፊት ላይ የሚይዘው እጅም የኦክስጅን እንጂ የብረቱ አይደለም።

በዝገት ውስጥ እያንዳንዱ የብረት አቶም በስድስት ኦክስጅኖች የተከበበ ነው። ውስጥ ያለ ኦክስጅን ከብዙ ብረቶች ጋር ስለሚጋራ የጎደለው ነገር የለም። ጠርዝ ላይ ያለው ግን በአንድ በኩል ጎረቤት ስለሌለው ከውሃው ሃይድሮጅን ወስዶ ክፍተቱን ይሸፍናል። ውሃው በጣም አሲዳማ ከሆነ ሃይድሮጅን ስለሚትረፈረፍ የጠርዙ ኦክስጅኖች ሁሉ የተያዙ ናቸው። አሲድነቱ ሲቀንስ ሃይድሮጅኖቹ መልቀቅ ይጀምራሉ፤ የኦክስጅኖቹም እጅ ነጻ ይሆናል።

አሁን ዩራኒየሙን እንይ። አየር በሚያገኘው ውሃ ውስጥ ዩራኒየም ብቻውን አይጓዝም። ሁለት ኦክስጅኖችን ከላይና ከታች አጥብቆ ይዞ ዩራኒል የሚባል አዮን ሆኖ ይንሳፈፋል። ወገቡን አብዛኛውን ጊዜ አምስት የውሃ ሞለኪውሎች ይከቡታል፤ እነዚህ ግን በቀላሉ የሚለቁ ናቸው። ዩራኒሉ ዝገቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ከውሃዎቹ ሁለቱ ይለቃሉ፤ በቦታቸውም ሁለት የዝገቱ ኦክስጅኖች ይገባሉ። ዴቪድ ዋይትና ባልደረቦቹ በ1994 ባወጡት ጥናት ይህን በኃይለኛ ኤክስሬይ ለክተዋል። በዩራኒየሙና በአቅራቢያው ባለው ብረት መካከል ያለው ርቀት 0.35 ናኖሜትር ገደማ ነው። በመሃል የውሃ ሞለኪውል ገብቶ ሊያለያያቸው የማይችልበት ቅርበት ነው፤ ማለትም ዩራኒየሙ በእውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር ተይዟል።

የማግኔቱን ተረት የሚያፈርሰው ዋናው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። ዩራኒል ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ለጋ ዝገትም የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ከ8 በታች እስከሆነ ድረስ በጥቅሉ ፖዘቲቭ ነው። ተመሳሳይ ቻርጅ ይገፋፋልና በፒኤች 6 ሊጣበቁ አይገባም ነበር። ሆኖም ዩራኒየሙ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዝገቱ ላይ የሚገኘው በዚሁ ፒኤች ነው። የኦክስጅን ትስስሩ የመገፋፋቱን ኃይል ያሸንፋል። ከፒኤች 3.5 በታች የሚያዘው ዩራኒየም እዚህ ግባ አይባልም፤ ከ4 ወደ 6 ሲኬድ ግን መጠኑ ሽቅብ ይተኮሳል። ሴላፊልድ ላይ ኮስቲክ ሶዳው የሚጨመረው ብረቱን ለማዝቀጥ ብቻ ሳይሆን የኦክስጅኖቹን እጅ ነጻ ለማውጣትም ነው።

የቦታው ስፋትም ቀላል አይደለም። የለጋ ዝገት ቅንጣቶች መጠናቸው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ተመራማሪዎች በስሌታቸው ለአንድ ግራም 600 ካሬ ሜትር ገጽ ይሰጡታል። በዚህ ሂሳብ 12 ግራም ዝገት የአንድ እግር ኳስ ሜዳ ያህል ገጽ አለው ማለት ነው።

ይህ ኬሚስትሪ ለኢትዮጵያ ገበሬ ሩቅ አይደለም። በወለጋና በጎጃም አሲዳማ ቀይ አፈር ላይ የሚበተነው የፎስፎረስ ማዳበሪያ ሰብሉ ሳይጠቀምበት አፈሩ ውስጥ ተቆልፎ የሚቀረው ፎስፌቱ ከብረትና ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ጋር በዚሁ ዓይነት ትስስር ስለሚያያዝ ነው። ኖራ የሚነሰነስበት አንዱ ምክንያትም ፒኤቹን ከፍ አድርጎ ይህን ቁልፍ ለማላላት ነው።

«ዝገቱ ከያዘው በኋላ ጨረር የለውም»

ተረት ነው፤ ብዙ ማብራሪያም አይፈልግም። ኬሚካዊ ትስስር የሚፈጠረው በኤሌክትሮኖች ነው፤ ጨረሩ የሚወጣው ደግሞ ከአቶሙ እምብርት፣ ከኒውክለሱ ነው። ዝገቱ ላይ የተቀመጠ ፕሉቶኒየም 239 ግማሹ እስኪያልቅ የሚፈጅበት ጊዜ ያው 24,100 ዓመት ነው። ዩራኒየም 238ም 4.47 ቢሊዮን ዓመቱን አይቀንስም። ዝገት ያደረገው ነገር ቢኖር በብዙ ውሃ ውስጥ የተበተነውን አደጋ ወደ ጥቂት ዝቃጭ ማሰባሰብ ነው። ዝቃጩ አሁን ከመጀመሪያው ውሃ ይልቅ የተከማቸ ቆሻሻ ሆኗል፤ በሲሚንቶና በበርሜል የሚታሸገውም ለዚህ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ልጨምር፦ ዩራኒየም በመጠጥ ውሃ ውስጥ ሲገኝ ቀዳሚው ስጋት ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝነቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር 30 ማይክሮግራም የሚለውን መመሪያ ያስቀመጠው በኬሚካዊ ጉዳቱ ላይ ተመሥርቶ ነው። ስለዚህ ዩራኒየምን ከውሃ ማስወጣት፣ ጨረሩ ባይጠፋም እንኳ፣ ለጠጪው ትልቅ ጥቅም አለው።

«ራዲዮአክቲቭ ከሆነ ሁሉንም ይይዛል»

ይህ ተረት በገዛ ቤቱ፣ በሴላፊልድ፣ ተፈትኖ ወድቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1981 ጀምሮ ማግኖክስ ከተባለው ነዳጅ የሚወጣ አንድ ዓይነት ፈሳሽ ቆሻሻ ባሕር እንዳይገባ ተደርጎ በታንክ መጠራቀም ጀመረ። የታሰበው ዕድሜያቸው አጭር የሆኑት ንጥረ ነገሮች እስኪደክሙና የብረት ዝቃጭ ማጣሪያው ተሠርቶ እስኪያልቅ ማቆየት ነበር። በ1994 ማጣሪያው ሥራ ሲጀምር የተጠራቀመው ፈሳሽ ማለፍ ጀመረ። ፕሉቶኒየሙና አሜሪሲየሙ እንደታቀደው ዝቃጩ ላይ ቀሩ። ቴክኒሺየም 99 የተባለው ግን እንደመጣ አለፈ። በ1995 ብቻ ወደ አየርላንድ ባሕር የገባው 190 ቴራቤኬሬል ገደማ ነው (ቤኬሬል የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ ነው)። በአካባቢው ሎብስተርና የባሕር አረም ላይ መጠኑ ከፍ አለ። የባሕሩ ሞገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኖርዌይ ዳርቻ አደረሰው፤ የኖርዌይና የአየርላንድ መንግሥታትም አጥብቀው ተቃወሙ። ባለሙያዎች ለሰው የሚደርሰው የጨረር መጠን አነስተኛ መሆኑን ቢገልጹም፣ ከባሕር በሚያወጣው ምግብ ንጽሕና ለሚታወቅ አገር ነገሩ ቀላል አልነበረም።

ቴክኒሺየም ለምን አለፈ? ማሽኑ አልተበላሸም፤ መጀመሪያውኑ እሱን እንዲይዝ አልተሠራም። አየር በሚያገኘው ውሃ ውስጥ ቴክኒሺየም አራት ኦክስጅኖችን ዙሪያውን አስሮ ፐርቴክኔቴት የሚባል ኔጌቲቭ አዮን ይሆናል። ዩራኒል ላይ ያየነው ክፍት ወገብ እሱ ላይ የለም፤ የዝገቱ ኦክስጅን የሚገባበት ቦታ አያገኝም። ሁለቱም ራዲዮአክቲቭ ናቸው፤ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ያሳለፈው የአዮኑ ቅርጽና ቻርጅ ነው። ለዝገቱ የኒውክለሳቸው ነገር ምንም ማለት አይደለም።

መፍትሔውም የመጣው ይህን ከመረዳት ነው። ከ2003 እስከ 2004 ባለው ጊዜ ቴትራፌኒልፎስፎኒየም ብሮማይድ የተባለ ኬሚካል በዚያው ማጣሪያ ውስጥ ተሞክሮ ሥራ ላይ ዋለ። ይህ ኬሚካል ከፐርቴክኔቴት ጋር የማይሟሟ ጨው ስለሚሠራ፣ ቴክኒሺየሙ ከብረት ዝቃጩ ጋር አብሮ ማጣሪያው ላይ ቀረ፤ ወደ ባሕር የሚለቀቀውም በእጅጉ ወረደ። በተፈጥሮ ውስጥም ሌላ መንገድ አለ። ኦክስጅን በሌለበት ከርሰ ምድር፣ ገና ሙሉ በሙሉ ያልዛገ ብረት ኤሌክትሮን ሲያቀብለው ቴክኒሺየም መልኩን ለውጦ በቀላሉ የማይሟሟ ይሆናል። እንደ ማግኔታይት ባሉ ማዕድናት ክሪስታል ውስጥ ሊገባም ይችላል።

ሲዚየም 137ም ከዝገት ጋር አይስማማም። ትልቅ፣ አንድ ቻርጅ ብቻ ያለው አዮን ስለሆነ ኦክስጅኑን አጥብቆ የሚይዝበት አቅም የለውም። ከጃፓኑ የፉኩሺማ የኑክሌር አደጋ በኋላ ሲዚየሙ ከላይኛው አፈር ጥቂት ሴንቲሜትር ውስጥ ያልወረደው የሸክላ ማዕድናት በንጣፎቻቸው መካከል ስለቆለፉት ነው። በፉኩሺማ ራሱ የተበከለው ውሃ ሲጣራ የብረት ዝቃጭ ደረጃ አለ፤ እሱ ግን ለአልፋ ጨረር አመንጪዎችና ለኮባልት ዓይነቶቹ ነው። ሲዚየሙ በሌላ ነገር ይያዛል። ትሪቲየም ደግሞ የውሃው ሞለኪውል አካል ስለሆነ ይህን ሁሉ አልፎ ይሄዳል።

«አንዴ ከተያዘ አይለቅም»

ግማሽ እውነት ነው፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይህ ግማሽነቱ ነው።

የባሕር ውሃ በሊትር 3.3 ማይክሮግራም ገደማ ዩራኒየም አለው። በመላው ውቅያኖስ ሲሰላ ከአራት ቢሊዮን ቶን በላይ ይሆናል። ወንዞች የብረት ዝገት ያለበት ደለል ሳያቋርጡ ወደ ባሕር ያስገባሉ። ታዲያ ያ ሁሉ ዩራኒየም ለምን ከዝገቱ ጋር ወርዶ አልቀረም? ውሃው ውስጥ የሚያቆየው ካርቦኔት ነው። ካርቦኔት በዩራኒል ወገብ ላይ ከዝገቱ ኦክስጅን ጋር ይፎካከራል። ውሃው በካርቦኔት የበለጸገና ፒኤቹ ከ8 በላይ ሲሆን ካርቦኔቱ ያሸንፋል። ካልሲየም ሲጨመርበት ደግሞ ዩራኒየሙ ይበልጥ ውሃው ውስጥ መቆየትን ይመርጣል። በፒኤች 6 የጠበቀው ትስስር በፒኤች 9 ሊፈታ ይችላል ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር፣ በ1943 የተመሠረተው ሃንፎርድ የኑክሌር ጦር መሣሪያ ፕሉቶኒየም የተመረተበት ነው። በደቡብ ጫፉ፣ 300 በሚባለው ክፍል፣ ለሪአክተሮቹ ነዳጅ ይሠራ ነበር፤ ዩራኒየም ያለበት ፈሳሽም በኩሬና በቦይ ወደ መሬት ይለቀቅ ነበር። በ1990ዎቹ አጥኚዎች የከርሰ ምድር ውሃው ዩራኒየም ከ3 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከመጠጥ ውሃ መጠን በታች ይወርዳል ብለው ገመቱ። የተበከለው አፈር ተቆፍሮ እስኪነሳና ቀሪው በራሱ እስኪታጠብ መጠበቅ በቂ መስሎ ነበር። ጊዜው አለፈ፤ ዩራኒየሙ ግን አልሄደም።

ምክንያቱ ወንዙ ራሱ ውስጥ ነበር። ወንዙ ሲሞላ ውሃው በከርሰ ምድር ወደ ዳርቻው ይገባል፤ የውሃው ከፍታም ቁፋሮው ወዳልደረሰበት የተበከለ አፈር ይወጣል። የወንዙ ውሃ ካርቦኔቱ አነስተኛ ስለሆነ ዩራኒየሙ ከአፈሩ ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። ወንዙ ሲጎድል ካርቦኔት የበዛበት የከርሰ ምድር ውሃ ይመለሳል፤ ከተጣበቀው ጥቂቱን ያላቅቃል። ዩራኒየሙ በብረት ኦክሳይዱ ብቻ ሳይሆን በሸክላና በካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶችም ተይዞ ስለነበር የሚለቀው ቀስ በቀስ ነው። ይህ መያዝና መልቀቅ ለዓመታት ተደጋገመ። በ2015 ፖሊፎስፌት ወደ መሬቱ ማስገባት ተጀመረ፤ ዓላማው ዩራኒየሙን ካርቦኔት በቀላሉ ወደማይፈታው የፎስፌት ማዕድን መለወጥ ነው። ለእኔ የሃንፎርዱ ግምት ስሕተት አስተማሪ ነው። አጥኚዎቹ ዩራኒየም እንደሚጣበቅ ያውቁ ነበር፤ በስሌታቸው ዝቅ አድርገው ያዩት ቀስ ብሎ የሚለቀውን ነው።

ትስስሩን የሚፈታ ሌላም አለ። ኦክስጅን ባጣ አፈር ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ዝገትን ይተነፍሳሉ፤ ዝገቱ ሲሟሟ በላዩ የተቀመጠው ሁሉ መቀመጫ ያጣል። ነገር ግን እነዚሁ ባክቴሪያዎች ዩራኒየምንም ኤሌክትሮን ሰጥተው ወደማይሟሟ መልክ ሊለውጡት ይችላሉ። በኮሎራዶ ግዛት ራይፍል በተባለች ከተማ፣ በቀድሞ የዩራኒየም ማቀነባበሪያ ቦታ፣ በ2002 አሴቴት የተባለው የኮምጣጤ ጨው ለባክቴሪያዎቹ ምግብ እንዲሆን ወደ ከርሰ ምድር ተጨምሮ በሳምንታት ውስጥ የውሃው ዩራኒየም ቀንሷል። ኦክስጅን ከተመለሰ ግን ያ መልክ ዳግም ሊሟሟ ይችላል።

የሚጸና ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። ለጋው ፌሪሃይድራይት በጊዜ ብዛት ጎታይትና ሄማታይት ወደተባሉ የረጉ ማዕድናት ይለወጣል። በዚህ ለውጥ ከዩራኒየሙ ከፊሉ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ከፊሉ ግን ክሪስታሉ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። የተዘጋበትን ካርቦኔት ያለበት ውሃ ብቻውን አያወጣውም፤ ማዕድኑ ራሱ መሟሟት አለበት። «ተይዟል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብ፣ ገጽ ላይ ነው ወይስ ክሪስታል ውስጥ የሚለው ጥያቄ መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

«ከማዕድን ጋር የተጣበቀ ነገር አይንቀሳቀስም»

ከተረቶቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ይመስለኛል። ማዕድኑ ዓለት ከሆነ ልክ ነው። ማዕድኑ ራሱ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ኮሎይድ ከሆነስ? ለጋ ዝገት በናኖሜትር የሚለካ ቅንጣት ነው ብለናል። እንዲህ ያለው ቅንጣት ካልተሰባሰበና ካልዘቀጠ በአፈርና በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ የተሸከመውን ፕሉቶኒየምም ይዞ ይሄዳል።

በሩሲያ ኡራል በሚገኘው የማያክ ፋብሪካ ከ1951 ጀምሮ ፈሳሽ ቆሻሻ ካራቻይ ሐይቅ ውስጥ ይለቀቅ ነበር። በ2006 የታተመ የሩሲያና የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ጥናት በከርሰ ምድር ውሃው ፕሉቶኒየም ምንጩ አጠገብ በሊትር 1,000 ቤኬሬል ገደማ፣ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ደግሞ 0.16 ቤኬሬል አግኝቷል። በርቀት ከተገኘው ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው በኮሎይድ ላይ የተቀመጠ ነበር። ረቂቅ ምስል ሲነሳም ፕሉቶኒየሙን የተሸከሙት ቅርጽ ያልያዙ የብረት ኦክሳይድ ኮሎይዶች ሆነው ታዩ። በሴላፊልድ ፕሉቶኒየምን ያስቀረው ማዕድን በማያክ አጓጓዘው።

በኔቫዳም ቤንሃም በተባለው የ1968 የመሬት ውስጥ የኑክሌር ሙከራ የመጣ ፕሉቶኒየም 1.3 ኪሎ ሜትር ርቆ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ተገኝቷል። የፕሉቶኒየሙ ዓይነቶች ምጣኔ ከየትኛው ሙከራ እንደመጣ አሳውቋል። በ1999 የታተመው ይህ ጥናት ተሸካሚዎቹ በዋናነት ሸክላና ዚኦላይት የመሳሰሉ ኮሎይዶች መሆናቸውን አሳይቷል። ከሁለቱ ጥናቶች በፊት ፕሉቶኒየም ከምንጩ ብዙም አይርቅም የሚለው ግምት ሰፊ ተቀባይነት ነበረው።

ጉዳዩ ለውሃ ተቆጣጣሪዎች በየቀኑ የሚገጥም ነው። በተለመደው አሠራር የከርሰ ምድር ውሃ ናሙና በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያልፋል፤ ያለፈው ሁሉ «የሟሟ» ተብሎ ይመዘገባል። ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ የዝገት ቅንጣት ግን ያን ማጣሪያ ያለችግር ያልፋል። በመዝገቡ ላይ የሟሟ ፕሉቶኒየም ተብሎ ይጻፋል፤ ስሌቱም የሟሟው ከአፈሩ ጋር ይጣበቃል ብሎ ይቀጥላል። ትልልቆቹ ቅንጣቶች ደግሞ ማጣሪያው ላይ ቀርተው ከነሸክማቸው ከቆጠራው ይወጣሉ። ስለዚህ ከአንድ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ሳይጣራም፣ በ0.45ም፣ ከዚያ እጅግ በረቀቀ ማጣሪያም ተለይቶ መለካት አለበት። ናሙናው ሲቀዳ አየር ከነካው ደግሞ ውሃው ውስጥ የነበረው የሟሟ ብረት ጠርሙሱ ውስጥ እያለ ወደ ዝገት ይለወጣል፤ ላቦራቶሪ ሲደርስም መሬት ውስጥ ያልነበረ ኮሎይድ ይገኛል። ጥንቃቄ የሚያደርጉ ቡድኖች ፓምፑን በዝግታ የሚያሠሩትና ናሙናውን ከአየር ከልለው የሚያጣሩት ለዚህ ነው።